በሚኒሶታ በረዶ የሚቆይ የፖስታ ሳጥን፦ ከአተካከሉ እስከ እንክብካቤው

የመንገድ ዳር የፖስታ ሳጥን ዊንተር በገባ ቁጥር የሚወድቀው በአብዛኛው የበረዶ መጥረጊያ መኪናው ስለሚገጨው አይደለም። የሚጥለው መኪናው እየገፋ የሚወረውረው በረዶ ነው። በተለይ ኖቬምበርና ማርች ላይ የሚጥለው እርጥብ በረዶ ከመጥረጊያው ብረት ላይ ሲወረወር ድንጋይ ያህል ይከብዳል፤ በ4 ቪቴ ብቻ የተያዘን ሳጥን ከጣውላው ገንጥሎ ሣሩ ላይ ይጥለዋል።

ይህን ያላወቀ ሰው ሳጥኑ ሲወድቅበት የሚያስበው ምሰሶውን ማወፈር ነው። ወፍራም የብረት ቱቦ ገዝቶ በኮንክሪት ያቆማል። የሚያዋጣው ግን ተቃራኒው ነው፦ ምሰሶው ከመንገዱ ፈቀቅ ይበል፣ ከምሰሶው የሚወጣው አግዳሚ እንጨት ረዘም ይበል፣ ሳጥኑ ከጣውላው ጋር በደንብ ይታሰር። መኪና ከገጨው ግን ይሰበር ወይም ይሽሽ።

በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል የቆዩ ሰፈሮች ፖስተኛው ብዙውን ጊዜ ደጃፍ ድረስ ይመጣል። ወደ ዳርቻ ከተሞችና ወደ ገጠር መንገዶች ወጣ ሲባል ግን ሳጥኑ መንገድ ዳር ነው። ፖስተኛው ከመኪናው ሳይወርድ፣ ከመቀመጫው ላይ እጁን ዘርግቶ ነው የሚያስገባው። እጁ ካልደረሰ ፖስታውን ይዞ ይመለሳል። ግሪን ካርዱ፣ የሥራ ፈቃዱ፣ የኢሚግሬሽን ቀጠሮውና መንጃ ፈቃዱ በዚህ ሳጥን በኩል ለሚመጣለት ቤተሰብ ደግሞ አንድ ፖስታ መመለሱ ትልቅ ጣጣ ነው። የሳጥኑ ልኬት የፌዴራል ስለሆነ ኮሎራዶ፣ ኦሃዮ ወይም ሳውዝ ዳኮታ ላላችሁም ያው ነው፤ የመንገዱ ደንብ ግን በየስቴቱና በየካውንቲው ይለያያል።

ከመቆፈራችሁ በፊት

መጀመሪያ የአካባቢያችሁን ፖስታ ቤት ጠይቁ። አዲስ ሳጥን ስትተክሉም ሆነ የነበረውን ቦታ ስትቀይሩ ቦታውን የሚያጸድቁት እነሱ ናቸው። ሳጥኑ ፖስተኛው በሚነዳበት አቅጣጫ በቀኝ በኩል መሆን አለበት፤ ስለዚህ አንዳንድ የገጠር መንገድ ላይ ሳጥናችሁ ከቤታችሁ ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ ሊቆም ይችላል።

ቀጥሎ መንገዱ የማን እንደሆነ እወቁ፦ የከተማው፣ የካውንቲው፣ የታውንሺፑ ወይስ የስቴቱ? ሳጥኑ የሚቆመው ብዙውን ጊዜ በእነሱ መሬት ላይ ነው። ኋላ ላይ ቢሰበር የምትደውሉትም ለእነሱ ነው።

ከዚያ 811 ደውሉ። አገልግሎቱ ነፃ ነው። ቢያንስ 3 የሥራ ቀን ቀደም ብላችሁ ከደወላችሁ ባለሙያዎች መጥተው ከመሬት በታች ያለውን መስመር በቀለም ያሳዩዋችኋል፦ ቀይ የኤሌክትሪክ፣ ቢጫ የጋዝ፣ ብርቱካናማ የስልክና የኢንተርኔት፣ ሰማያዊ የመጠጥ ውሃ፣ አረንጓዴ የፍሳሽ ነው። የመንገድ ዳር ሣር ሥር የኢንተርኔትና የጋዝ መስመር ማለፉ የተለመደ ነው፤ «2 ጫማ ብቻ ነው የምቆፍረው» ብሎ መዝለል አደጋ ነው።

ሥራውን ከኦክቶበር አታሳልፉት። መሬቱ አንዴ ከደረቀና ከቀዘቀዘ በኋላ በእጅ መቆፈሪያ የማይሞከር ነው።

ልኬቱ

ሁለት ልኬት አለ፤ ሁለቱም ከመንገዱ ነው የሚነሱት።

ከፍታ፦ ከአስፋልቱ ገጽ እስከ ሳጥኑ ወለል ከ41 እስከ 45 ኢንች። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ሜትሩን ምሰሶው ከቆመበት ሣር ላይ አንስቶ ይለካል። ሣሩ ከአስፋልቱ 5 ኢንች ከፍ ብሎ ከሆነ ሳጥኑ ከሚገባው በላይ ይወጣል፤ ምሰሶው የቆመው ቦዩ ተዳፋት ላይ ከሆነ ደግሞ ሳጥኑ ዝቅ ይላል። ቀጥ ያለ ረጅም ጣውላ አስፋልቱ ላይ አሳርፋችሁ እስከ ምሰሶው ቦታ ድረስ በውሃ ልክ አስተካክሉት፤ ከጣውላው ሥር ተነሥታችሁ ለኩ። እኛ የምንመክረው 44 ኢንች ነው። ወደ ላይኛው ወሰን የምንጠጋው በረዶ ተጠቅጥቆ መንገዱን ከፍ ስለሚያደርገውና መንገዱ እንደገና አስፋልት ሲነጠፍበት አንድ ሁለት ኢንች ስለሚጨምር ነው።

ርቀት፦ ከከርቡ (ከአስፋልቱ ዳር ከፍ ብሎ ከሚታየው ጠርዝ) ፊት እስከ ሳጥኑ በር ከ6 እስከ 8 ኢንች። 7 ያዙ። ከርብ በሌለበት መንገድ ላይ ርቀቱን ፖስታ ቤቱ ይነግራችኋል፤ በግምት አትትከሉ።

የሚገዛው

ሆም ዲፖ፣ ሎውስ ወይም ሜናርድስ ገብታችሁ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ታገኙታላችሁ።

- 4 በ4 የሆነ፣ 8 ጫማ ርዝመት ያለው፣ እንዳይበሰብስ መድኃኒት የጠጣ እንጨት፦ 2። መለያ ወረቀቱ ላይ ከመሬት ጋር ለሚነካካ ሥራ የተዘጋጀ መሆኑን አረጋግጡ፤ ሁሉም መድኃኒት የጠጣ እንጨት ለዚያ አይሆንም። 4 በ4 ቢባልም እውነተኛው ልኩ 3½ በ3½ ኢንች ነው።
- 3/4 ኢንች ውፍረት ያለው መድኃኒት የጠጣ ጣውላ፣ ለሳጥኑ መቀመጫ።
- 3/8 ኢንች ውፍረትና 5 ኢንች ርዝመት ያለው ብሎን፦ 2፤ ከ4 ሮንዴላ (ከሥሩ የሚገባው ቀዳዳ ያለው ክብ ብረት) እና ከ2 ዳዶ (ብሎኑን ከጫፉ የሚያስረው) ጋር።
- 3 ኢንች የውጭ ሥራ ቪቴ፦ 10 ያህል።
- 1 ኢንች አይዝጌ ቪቴ ከሰፊ ሮንዴላ ጋር፦ 8።
- የተፈጨ ጠጠር፣ ግማሽ ኪዩቢክ ጫማ የሚይዝ ከረጢት፦ 3።
- የፖስታ አገልግሎቱ ማጽደቂያ ምልክት ያለበት የብረት ሳጥን።

ብሎንና ቪቴው በሙሉ በሙቅ ዚንክ የተነከረ ወይም አይዝጌ ብረት ይሁን። እንጨቱ የጠጣው መድኃኒት መዳብ አለበት፤ ተራውን ቪቴ ይበላዋል። ከመንገድ የሚረጨው ጨው ሲታከልበት ቪቴው ከእንጨቱ ውስጥ ሆኖ ይበሰብሳል፤ ውጪው ደህና መስሎ ሳጥኑ አንድ ቀን በድንገት ይወድቃል።

ርካሹ የፕላስቲክ ሳጥን በከባድ ብርድ በቀላሉ ሊሰነጠቅ ይችላል። የሚቆልፍ ሳጥን ከፈለጋችሁ ፖስታ የሚገባበት ቀዳዳ ሰፋ ያለ ምረጡ፤ ፖስተኛው ቁልፍ አይዝም፣ ሳጥኑንም አይከፍትላችሁም።

አተካከሉ

1. ምሰሶውን ለኩ። ከመሬት በታች 24 ኢንች፣ ከመሬቱ እስከ አግዳሚው የላይ ገጽ የሚያስፈልገው፣ ከአግዳሚው በላይ 6 ኢንች። ሣሩ ከአስፋልቱ 5 ኢንች ከፍ ብሎ ከሆነ 24 እና 39 እና 6 ሲደመር 69 ኢንች ይሆናል። ቦይ ውስጥ ሆኖ 10 ኢንች ዝቅ ካለ ደግሞ 84 ኢንች። 8 ጫማውን እንጨት የምትገዙት ለዚህ ነው።

2. አግዳሚውን 45½ ኢንች ቁረጡ፦ 36ቱ ወደ መንገዱ የሚወጣ፣ 3½ው ከምሰሶው ጋር የሚጋጠም፣ 6ቱ ከኋላ የሚተርፍ ነው። ከቀሪው እንጨት 20 ኢንች ያህል ቆርጣችሁ ሁለቱንም ጫፍ በ45 ዲግሪ አስተካክሉት፤ ሰያፍ ድጋፉ እሱ ነው።

3. ምሰሶውና አግዳሚው በሚገናኙበት ቦታ ከሁለቱም 1¾ ኢንች ጥልቀትና 3½ ኢንች ስፋት አውጡ። በመጋዝ በየግማሽ ኢንቹ ሰንጥቃችሁ በመሮ ብታነሱት ቶሎ ያልቃል። ሲጋጠሙ እኩል ይሆናሉ። በትራፓኖ 3/8 ኢንች ቀዳዳ ሁለት ቦታ፣ ከጥግ ወደ ጥግ በሰያፍ አስተላልፉ፤ ብሎኑን ከሮንዴላ ጋር አስገብታችሁ እሰሩ። ጎን ለጎን የተበሱ ቀዳዳዎች እንጨቱን በአንድ መስመር ይሰነጥቁታል። ሰያፍ ድጋፉን በእያንዳንዱ ጫፍ በ2 ረጅም ቪቴ ያዙት።

4. የተቆረጠውንና የተቦረቦረውን ገጽ ሁሉ የመዳብ እንጨት መከላከያ ቀቡት። የተቆረጠውን ጫፍ ወደ ላይ፣ የፋብሪካውን ጫፍ ወደ መሬት አድርጉ።

5. ጉድጓዱን ቆፍሩ። የምሰሶው ፊት ከከርቡ 44 ኢንች ይርቃል፦ 8 ኢንች እስከ አግዳሚው ጫፍ፣ 36 ኢንች አግዳሚው። የእግረኛ መንገዱ እዚያ ላይ ከመጣባችሁ አግዳሚውን አሳጥሩ እንጂ ምሰሶውን የእግረኛ መንገድ ላይ አታድርሱት። ስፋቱ 10 ኢንች፣ ጥልቀቱ 28 ኢንች ይሁን። ሥሩ 4 ኢንች ጠጠር ሞልታችሁ ጠቅጥቁ።

6. ምሰሶውን አስገቡ፤ በሁለት ጎኑ ውሃ ልክ ይዛችሁ ቀጥ አድርጉት። ጠጠሩን በየ6 ኢንቹ እየጨመራችሁ በከባድ ዘንግ ጠቅጥቁ። አንድ ጊዜ ሞልቶ ከላይ መርገጥ ዋጋ የለውም፤ ሥሩ ልል ሆኖ ይቀራል። የላይኛውን 3 ኢንች በአፈር ሙሉና ውሃው ከምሰሶው እንዲሸሽ አንሸራቱት። በተለይ ሸክላማ መሬት ላይ ይህ አፈር ካልተደረገ ጠጠር የሞላው ጉድጓድ የዝናቡን ውሃ ሰብስቦ ይይዛል።

7. መቀመጫውን ጣውላ ከሳጥኑ ሥር ባለው ጎድጓዳ ቦታ ልክ፣ በሁሉም ጎን 1/8 ኢንች አሳንሳችሁ ቁረጡ። ጣውላውን በ4 ረጅም ቪቴ ከአግዳሚው ጋር እሰሩ። የአግዳሚው ጫፍ ከሳጥኑ በር 1 ኢንች ወደ ኋላ መቅረት አለበት፤ በሩ ወደ ታች ስለሚከፈት እንጨቱ ወጣ ካለ አጋማሽ ላይ ይያዛል። ሳጥኑን አጥልቁበትና በጎኑ ባሉት ቀዳዳዎች በሙሉ ቪቴ ከሰፊ ሮንዴላ ጋር ምቱ። ቀዳዳው 2 ብቻ ከሆነ በየጎኑ ሁለት ጨምራችሁ ብሱ። ሮንዴላው ከሌለ ቀጭኑ ቆርቆሮ በቪቴው ራስ ዙሪያ ይቀደዳል፤ የምናያቸው አብዛኞቹ የወደቁ ሳጥኖች የተለቀቁት እዚህ ጋ ነው። ሳጥኑን ወደ በሩ 1/8 ኢንች ያህል ዘንበል አድርጉት፤ የገባ ውሃ ይወጣል።

8. የቤት ቁጥሩ ቢያንስ 1 ኢንች ቁመት ይኑረው፤ ከሳጥኑ ቀለም በደንብ ይለይ። ለዚህ አገር ጭለማና በረዶ እኛ 3 ኢንች አንጸባራቂ ቁጥር እንመርጣለን። ፖስተኛው በሚመጣበት ጎን ይለጠፍ። ሳጥኑ ቤታችሁ ካለበት ሌላ መንገድ ላይ ከቆመ የመንገዱም ስም ይጻፍ። ባንዲራው (የሚላክ ፖስታ መኖሩን ለፖስተኛው የሚያሳየው) ከፊት ሲታይ በቀኝ በኩል ይሁን፤ ከኖቬምበር በኋላ ነጭ ባንዲራ ማንም አያየውም፣ ደንቡም አይፈቅደውም።

በበሩ ውስጠኛ ገጽ ላይ ደግሞ በዚያ ቤት ፖስታ የሚመጣላቸውን ሰዎች ሁሉ ስም በማይለቅ ቀለም ጻፉ። በእኛ ልማድ ባል፣ ሚስትና አብሮ የሚኖር ወንድም ሦስት የተለያየ የአባት ስም ይኖራቸዋል። አዲስ የተመደበ ፖስተኛ ግን አንድ የቤተሰብ ስም ብቻ የሚኖር መስሎት ሌላውን «እዚህ አድራሻ አይታወቅም» ብሎ ሊመልሰው ይችላል። አዲስ እንግዳ ከአገር ቤት ሲመጣ ስሙን የሶሻል ሴኩሪቲ ካርዱ ከመድረሱ በፊት ጨምሩ።

ኮንክሪት ለምን አይሆንም

አንደኛው ምክንያት ሰው ነው። በረዶ ላይ መኪናው የተንሸራተተበት ሾፌር የሚገጨው ነገር መሰበር አለበት። የፖስታ አገልግሎቱ የሚመክረው 4 በ4 እንጨት ወይም 2 ኢንች ዲያሜትር ያለው ቱቦ፣ ከ24 ኢንች በላይ ያልተቀበረ ነው። ከባድ የብረት ቱቦ፣ በኮንክሪት የተሞላ በርሜል ወይም በጡብ የተገነባ ምሰሶ ሰው ይገድላል፤ ያቆመውም ሰው በፍርድ ቤት ሊጠየቅበት ይችላል። ሁለት ጊዜ ሳጥን የወደቀበት ሰው ንዴቱ ይገባናል፤ ግን ንዴቱን በኮንክሪት አትወጡት።

ሁለተኛው ምክንያት መሬቱ ነው። የሚኒሶታ የሕንፃ ደንብ የመሠረት ጥልቀት በደቡቡ 42 ኢንች፣ በሰሜኑ 60 ኢንች እንዲሆን የሚያዘው ቅዝቃዜው እስከዚያ ስለሚወርድ ነው። የእናንተ ምሰሶ 24 ኢንች ላይ ስለሚቆም ሙሉ በሙሉ የሚቀዘቅዘው አፈር ውስጥ ነው። እርጥብ አፈር ሲቀዘቅዝ ያብጣል፤ ሸካራውን የኮንክሪት ጎን ይዞ ወደ ላይ ያነሳዋል። አፕሪል ላይ በረዶው ሲቀልጥ ከሥሩ ባዶ የቀረው ቦታ በአፈር ስለሚሞላ ምሰሶው ወደ ቦታው አይመለስም። በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ እየወጣ ይሄዳል፤ ከላይ ሰፋ ተደርጎ የተሞላ ኮንክሪት ደግሞ ሁሉንም ያከፋዋል። ጠጠር ግን ውሃውን ስለሚያሳልፍ ቀዝቅዞ ምሰሶውን የሚይዘውን እርጥበት ያሳንሳል። ቢያዘምም እንኳ ግማሽ ሰዓት በማይፈጅ ሥራ ቀጥ ይላል።

ፈጣን መንገድ ላይ ከሆናችሁ

በሚኒሶታ ደንብ በሰዓት 40 ማይልና ከዚያ በላይ በሚነዳበት መንገድ ዳር ያለ የሳጥን ድጋፍ ሲገጭ የሚሸሽ ወይም የሚሰበር መሆን አለበት። እዚያ ፍጥነት ላይ የሚወረወረው በረዶም ጉልበቱ ብዙ ስለሆነ እንጨቱን ትታችሁ አግዳሚው የሚዞረውን ዓይነት ብትገዙ ይሻላል። ምሰሶው ከመንገዱ ራቅ ብሎ ይተከላል፤ ረጅሙ የቱቦ አግዳሚ በምሰሶው ጫፍ ላይ ዞሮ በረዶው ሲመታው ወደ ጎን ይሸሻል። መገጣጠሚያው በሰያፍ የተቆረጠ በመሆኑ አግዳሚው ሲዞር ትንሽ ከፍ ይልና በራሱ ክብደት ወደ ቦታው ይመለሳል። መገጣጠሚያው ላይ በጣም ያጠበቀው ሰው ጥቅሙን አጥፍቶታል፤ በአንድ እጅ ተገፍቶ መዞር አለበት። አንዳንድ ካውንቲዎች መንገድ ሲሠሩ ይህን ዓይነት ይተክላሉ፤ ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ።

በረዶ ሲጥል

ፖስታ ቤቶች አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቁት ከሳጥኑ በፊትም በኋላም 15 ጫማ ያህል እስከ ከርቡ እንዲጠረግ ነው። የፖስተኛው መኪና ወደ ሳጥኑ ገብቶ ወደ ኋላ ሳይመለስ መውጣት አለበት። ፊት ለፊቱን ብቻ አካፋ የሚያህል ቀዳዳ መክፈት አይጠቅመውም።

በረዶውን የምትጥሉበት ጎን ለውጥ ያመጣል። ቤታችሁን ከኋላችሁ፣ መንገዱን ከፊታችሁ አድርጋችሁ ቁሙ፤ መጥረጊያው መኪና የሚመጣው ከግራችሁ ነው። ስለዚህ በረዶውን ሁልጊዜ ወደ ቀኝ ጣሉ። በሳጥኑና በድራይቭዌዩ ግራ በኩል ደግሞ ከመንገዱ ዳር 10 ጫማ ያህል የኪስ ቦታ ክፈቱ፤ መኪናው የገፋውን እዚያ ያራግፈዋል፣ ወደ ሳጥኑ የሚደርሰው ይቀንሳል። ወደ መንገዱ መልሶ መግፋት በሚኒሶታ ሕግ የተከለከለ ነው። መጥረጊያው ከአንድ ጊዜ በላይ ስለሚያልፍ መንገዱ ከዳር እስከ ዳር ሳይጠረግ ቀድማችሁ ብትደክሙ ሥራው እጥፍ ይሆንባችኋል።

ምሰሶው ጎን ረጅም ብርቱካናማ የፋይበር ዘንግ ተክላችሁ አንጸባራቂ ለጥፉበት፤ የሌሊት ሾፌሩ ሳጥኑን ከሩቅ ያየዋል።

በሩ በበረዶ ሲጣበቅ ሙቅ ውሃ አታፍስሱበት። ውሃው ደቂቃ ሳይቆይ ማጠፊያው ውስጥ ይቀዘቅዛል። በሩን ዙሪያውን በእጅ መታ መታ አድርጋችሁ አላቅቁት፤ ከዚያ ማጠፊያውንና ጠርዙን ሲሊኮን ርጩ። ለቁልፍ ቀዳዳ የግራፋይት ዱቄት ይሻላል፤ ግሪስና ዘይት በዚህ ብርድ ይወፍራሉ።

ከወደቀ

ሳታነሱት ፎቶ አንሱ። በምሰሶው ላይ የቀለም ጭረትና የእንጨት ስብራት ካለ መኪና ነክቶታል፤ ሳጥኑ ብቻ ተገንጥሎ ምሰሶው ደህና ከሆነ በረዶው ነው የጣለው። ልዩነቱ የሚያስፈልጋችሁ ብዙ ከተሞችና ካውንቲዎች የሚጠግኑት ወይም የሚከፍሉት በትክክል ተተክሎ እያለ መጥረጊያው በቀጥታ የገጨውን ብቻ ስለሆነ ነው። የሚተኩትም ተራውን ምሰሶና ሳጥን ነው፤ ውድ ሳጥን ብትገዙ ልዩነቱ ከኪሳችሁ ነው። ሰው ሆን ብሎ የሰበረው ከመሰላችሁ ለፖሊስና ለፖስታ መርማሪዎች አመልክቱ፤ የፖስታ ሳጥን መስበር እስከ 3 ዓመት እስራት የሚያደርስ የፌዴራል ወንጀል ነው።

ጃንዋሪ ላይ ምሰሶው ከሥሩ ከተሰበረ እስከ አፕሪል መቆፈር አትችሉም። 5 ጋሎን ባልዲ ውስጥ አጭር 4 በ4 አቁማችሁ በደረቅ ጠጠር ሙሉት፤ ሳጥኑን በዚያው ከፍታ እሰሩና ለፖስታ ቤቱ ጊዜያዊ መሆኑን ንገሩ። ባልዲውን በኮንክሪት አትሙሉት። እርጥብ አሸዋም ቀዝቅዞ ያው ድንጋይ ይሆናል፤ ደረቅ ይሁን።

በዓመት ሁለት ጊዜ

የፖስታ አገልግሎቱ የሜይ ወር ሦስተኛ ሙሉ ሳምንትን የሳጥን ማሻሻያ ሳምንት ብሎ ይይዘዋል፤ ለእኛም አገር አየር የሚስማማ ጊዜ ነው። ጨውን በንጹሕ ውሃ እጠቡ፣ የዛገውን በብረት ብሩሽ ፍቃችሁ የዝገት መከላከያ ቀለም ቀቡ፣ ያዘመመውን ምሰሶ በውሃ ልክ አቅኑና ጠጠሩን እንደገና ጠቅጥቁ።

ሴፕቴምበር ላይ ደግሞ የአግዳሚውን ጫፍ ይዛችሁ ወደ ላይና ወደ ጎን ነቅንቁት። መገጣጠሚያው ከተንቀሳቀሰ ዳዶውን አጥብቁ፤ አዲስ እንጨት በመጀመሪያው በጋ እየደረቀ ስለሚጠብ ብሎኑ ሁልጊዜ ይላላል። ምሰሶውን ከመሬቱ ጋር በሚገናኝበት ቦታ በካቻቪቴ ጫፍ ውጉት፤ ከገባ በስብሷልና ከቅዝቃዜው በፊት ይቀየር። በዚያ ዓመት መንገዳችሁ አስፋልት ተነጥፎበት ከሆነ ከፍታውን እንደገና ለኩ፤ ከ41 ኢንች በታች ከወረደ ሳጥኑንና መቀመጫውን አንስታችሁ በአግዳሚው ላይ ሌላ 4 በ4 ቁራጭ ከሥሩ ጨምሩበት፣ ከዚያም መልሳችሁ እሰሩት።